ላፕቶፑ መረቡን ለምን አያይም?

አዲሱ ገበያ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በማግስቱ ጠዋት ለአማካሪው ማድረስ ነበረበት። ስልኩ የአከራዮቹን ዋይፋይ ያገኛል፤ ሊኑክስ የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፑ ግን አንድም መረብ አያሳይም። ወደ እኔ ሲመጣ ሊኑክስን ለሦስተኛ ጊዜ እንደ አዲስ ሊጭን ተዘጋጅቶ ነበር። ጽሑፉ የሚገኘው በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ መሆኑን ሲነግረኝ ደነገጥሁ፤ ከሁሉ አስቀድመን በፍላሽ ገለበጥነው።

የስልኩ መሥራት ራውተሩ ጤናማ መሆኑን ስለሚመሰክር ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ላፕቶፑ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ «አርኤፍኪል ሊስት» የሚለው ትእዛዝ ሬዲዮው መዘጋት አለመዘጋቱን ይናገራል። «ሶፍት» የተባለው መዘጋት በትእዛዝ ይከፈታል፤ «ሃርድ» የተባለው ግን በላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ያለው ማብሪያ ካልተነካ በሶፍትዌር አይከፈትም። የእኛ ሁለቱም ክፍት ነበሩ። «ኤልኤስፒሲአይ» የተባለው ትእዛዝም ካርዱን በስሙ አሳየን።

ምስጢሩ የተገኘው ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ተብሎ በሚጻፈው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ከተነሣ ጀምሮ የመዘገበውን ያሳያል። እዚያም ፈርምዌር መጫን አልተቻለም፣ ስህተት -2 የሚል መስመር ነበር። በሊኑክስ ቋንቋ -2 ማለት «የተባለው ፋይል የለም» ማለት ነው። ሆኖም ይህን መስመር ያየ ሁሉ አይደንግጥ፤ አንዳንድ ካርዶች አዲሱን የፈርምዌር እትም ሲያጡ አሮጌውን ይሞክራሉና፣ ከታች «ተጭኗል» የሚል ካለ ችግሩ ሌላ ነው። የእኛው ምንም አላስከተለም።

የዋይፋይ ካርድ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ብዙዎቹ ካርዶች የሚሠሩበትን ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌሩን፣ በውስጣቸው አያስቀምጡም፤ ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር ከዲስኩ ይቀበላሉ። ኮዱ ዝግና የአምራቹ ንብረት በመሆኑ አንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች ለረጅም ጊዜ ከመጫኛቸው አስቀርተውት ኖረዋል። ደቢያን በዋናው መጫኛው ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 12ኛ እትሙ ነው። የተማሪው ሊኑክስ ከዚያ የቀደመ ደቢያን ስለነበር፣ ሦስት ጊዜ ቀርቶ ሠላሳ ጊዜ ቢጫን ውጤቱ ያው ነበር።

ፈርምዌሩን ለማውረድ ደግሞ መረብ ያስፈልጋል! ቋጠሮውን የፈታው ስልኩ ነው። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተን «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ስናበራ፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለ ገመድ የመረብ ካርድ ተቀበለው። ከካርዱ ጋር የሚስማማውን ፈርምዌር አውርደን ላፕቶፑን አጥፍተን አስነሣነው፤ መረቡም ታየ።

ነገር ግን ይቆራረጥ ነበር። የሞገዱ ጉልበት -78 ዲቢኤም ነበር፤ በተማሪው ክፍልና በራውተሩ መካከል የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን አንጸባርቆ ይመልሳል፤ የጭቃ ግድግዳ ያዳክመዋል እንጂ እንዲህ አያግደውም። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ስናስጠጋ -63 ሆነ። ልዩነቱ 15 ቢመስልም ዲቢኤም የሎጋሪዝም ልኬት ስለሆነ፣ ካርዱ የተቀበለው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ አድጓል።

ጽሑፉ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተላከ። አማካሪው በማግስቱ ሁለት ምዕራፍ እንዲጻፍ አድርገው መለሱለት።