የቴሌግራም ሱቅና የነጋዴው አማና



ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ በየቤታችን ስለገባው የስልክ ንግድ ነው። ዓባያ፣ ሒጃብ፣ የሕፃናት ልብስ፣ ሽቶ ወይም የወጥ ቤት ዕቃ በቴሌግራም የምትሸጥ እህት ወይም ጎረቤት የሌለው የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የሱቅ ኪራይ በማይቀመስበት ከተማ ይህ በር መከፈቱ፣ በተለይ ልጆቿን ጥላ መውጣት ለማትችል እናት፣ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ የምተዳደረውም በሂሳብ ሥራ ስለሆነ የእነዚህን የስልክ ነጋዴዎች ደብተር እንዳይላቸው ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ከየደብተሩ የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር ከከሰሩት ብዙዎቹ የከሰሩት ገዢ አጥተው አለመሆኑን ነው። የከሰሩት በእጃቸው የሌለውን ዕቃ ሸጠው ነው።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንዲት ጀማሪ ቻናል ትከፍታለች። ከሌላ ቻናል የዓባያ ፎቶ ወስዳ በዋጋው ላይ 300 ብር ትጨምርና ትለጥፋለች። ገዢ ይመጣል፤ ገንዘቡንም በቴሌብር ይልካል። እርሷም ያን ጊዜ ወደ መርካቶ ዱባይ ተራ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ወይ ቀለሙ አልቋል፣ ወይ ዋጋው ጨምሯል፣ ወይም ጨርቁ በፎቶ የታየው አይደለም። ገንዘቡ ግን እጇ ገብቷል፤ ምናልባትም ከፊሉ ለቤት አስቤዛ ወጥቷል። ታዲያ ምን ታድርግ? ከሁለተኛው ገዢ በምትቀበለው ገንዘብ የመጀመሪያውን ትመልሳለች፣ ከሦስተኛው ደግሞ የሁለተኛውን። ይህ እንግዲህ የንግድ ስም የተሰጠው ዕዳ ነው።

ጥያቄው አዲስ እንዳይመስለን። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) የተባሉት ሶሐባ ነጋዴ ነበሩ። ሰው ወደ እርሳቸው መጥቶ የሌላቸውን ዕቃ ሽጥልኝ ሲላቸው፣ ሸጠው ከገበያ ገዝተው ሊሰጡት ይችሉ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። ነቢዩም እርሳቸው ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጡ ከለከሏቸው። ከላይ ያነሳኋት እህት የምትሠራው ይህንኑ መሆኑን ልብ በሉ፤ ልዩነቱ ስልኩ ብቻ ነው።

የክልከላውን ጥበብ ማየት የሚፈልግ ሰው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በዚያን ዕለት መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቀው፣ በዋዜማው በባንክ 58 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዱባይና ከቻይና ሊያስመጣ በብር ዋጋ ቆርጦ ገንዘብ የተቀበለ፣ ዕቃውን ግን ገና ያልገዛ ሻጭ ምን ላይ እንደወደቀ መገመት አያዳግትም። ዕቃው በመጋዘኑ የነበረው ግን ምንም አልሆነም።

«ታዲያ ካፒታል የሌለው ወጣት አይነግድ?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! ሸሪዓው አንዱን በር ሲዘጋ ሌሎች በሮች ክፍት ናቸው። አንደኛው ውክልና ነው። ወጣቱ «እኔ ሻጭ አይደለሁም፤ ዕቃውን ገዝቼ አመጣልሃለሁ፣ የድካሜ ይህን ያህል ነው» ብሎ ደመወዙን ለይቶ ይናገር። ዋጋው ቢጨምር ለባለቤቱ ደውሎ ይጠይቃል፤ ቢቀንስም ትርፉ የባለቤቱ ነው። ሁለተኛው ሰለም ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለዓመትና ለሁለት ዓመት ተምር አስቀድመው እየከፈሉ ሲገዙ አገኟቸው፤ መጠኑና ጊዜው ታውቆ እንዲሆንም አዘዟቸው። ስለዚህ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ይከፈላል፣ ዕቃው በዓይነትና በመጠን ይገለጻል፣ የሚረከብበትም ቀን ይቆረጣል። «ሲመጣ እንሰጣችኋለን» ማለት ሰለም አይደለም። በግማሽ ቀብድ መሥራትና ገዢው ሲቀር ቀብዱን መውረስ ደግሞ ዑለማዎች የተለያዩበት ነው፤ አብዛኞቹ ከልክለዋል፣ ሐንበሎች ፈቅደዋል። ይህን የሚሠራ ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ እንጂ ከእኔ ፈትዋ አይጠብቅ።

እኔ የምመክረው ግን ከሁሉ ቀላሉን ነው፤ ጥቂት ገዝቶ፣ ያንኑ አንስቶ፣ ያንኑ መሸጥ። አሥር ዓባያ ይበቃል። ሒሳቡን አብረን እንየው። አንዱ በ2,000 ብር ቢገዛ አሥሩ 20,000 ብር ነው። በ2,600 ቢሸጥ ትርፉ 6,000 ነው ብላ ሻጯ ትደሰታለች። ደብተሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሳይፈለጉ ቆይተው በ2,100 ቢሄዱ 1,000 ብር ወረደ። ሞተረኛውን ሻጯ የምትችል ከሆነ በ200 ብር ሒሳብ 2,000 ብር፣ ለፌስታልና ለማሸጊያ 400፣ ለስልክ ጥቅል 500። አንዷ ገዢ ልኩ አልሆነኝም ብላ ብትመልስና ሌላ ቢላክላት የሞተሩ 400 ይጨመራል። የቀረው 1,700 ብር ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ያስገባ። ነገር ግን የሞተሩን ክፍያ ማን እንደሚችል ሳይወስን ዋጋ የሚጽፍ ሰው ትርፉን ለሞተረኛው እየሰጠ መሆኑን አይርሳ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። በሱቅ ገዢው ጨርቁን ይዳብሳል፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያያል። በስልክ ግን ዓይኑም እጁም የሻጩ ፎቶ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይንም አወገዙ። የስልክ ነጋዴ እርጥቡ እህል የቱ ነው? የክሩ መውጣት፣ የቁልፉ መጉደል፣ ጨርቁ ስስ ሆኖ በፀሐይ የሚያሳይ መሆኑ ነው። ይህን አጥርቶ ፎቶ አንስቶ ከመልካሙ ጎን መለጠፍ ገዢ የሚያሸሽ ይመስላል። እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ርዝመቱን በሴንቲሜትር፣ የጨርቁን ዓይነትና ጉድለቱን የጻፈች ሻጭ መላሽ ያነሰባት ናት። የተደበቀ ነውር የተገኘበትን ዕቃ ገዢው መመለስ መብቱ ነው፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መጻፍ ነውሩን እያወቀ የደበቀውን ሻጭ ከአላህ ፊት ነጻ አያወጣውም።

«ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ልማድም አይጥመኝም። ለለበሰችው አንድ፣ ለደከማት ሌላ ዋጋ ለመንገር በር ይከፍታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዘዘ ነው።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ መክፈል ቀሏል፤ የሐሰት ስክሪንሾትም አብሮ መጥቷል። ገዢው የላከው ምስል ማስረጃ አይደለም፤ ሻጩ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ሳያይ ሞተረኛ አያስነሳ። የንግዱ ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ጋር በአንድ ሒሳብ አይቀላቀል።

ደንበኛን በቻናል ብቻ ማስቀመጥም አደገኛ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ፌስቡክ በአገራችን ታግደው በነበሩበት ጊዜ ሺህ ተከታይ ያለው ሻጭ ከደንበኛው ተቆራርጦ ተቀምጧል። የገዢዎቿን ስልክ ቁጥር በደብተር የጻፈች ግን ደውላ ትሸጥ ነበር። የሃምሳ ገዢ ስልክ፣ የገዙት ልክና ቀለም የተጻፈበት ደብተር ከብዙ ሺህ ተከታይ ይበልጣል፤ ንግዱ የሚያድገውም ለማያውቁን ሰዎች በመለጠፍ ሳይሆን አንዴ የገዛችው ለረመዳንና ለዒድ ስትመለስ ነው።

ሲያድግ ምን ይደረግ? ከየአሥሩ ዓባያ ትርፍ ግማሹ ወደ ካፒታሉ ይመለስና ግዢው ቀስ በቀስ ይጨምር። ዓይነት አይብዛ፤ ዓባያ የጀመረ ሽቶና ብረት ድስት አይጨምር። ሥራው ቋሚ ሲሆን ንግድ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ሱቅ ያለውንና የሌለውን ለይቶ ነጻ አላደረገም። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ቁም ሳጥኑ ተከፍቶ ያልተሸጠው ይቆጠር፣ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይገመት፣ ከተቀመጠው ገንዘብ ጋር ይደመር፤ ዓመት የሞላውና ኒሳብ የደረሰ ከሆነ 2.5 በመቶ ዘካ አለበት። ቀኑ የረመዳን መጀመሪያ ቢሆን ለማስታወስ ይቀላል።