እንጀራውን ይለምናል፤ ቅኔውን ግን አይለምንም

ሰው በራሱ ይቁም ሲባል ከማንም አይቀበል ማለት የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን ነገሩን በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በሚዘዋወረው የቆሎ ተማሪ ጠባይ ብንመረምረው ይሻላል እንላለን። ይህ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ በዚህም አያፍርም።

ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ልመናው ያበቃል። ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ የታወቀ አገር ነውና ሥርዓቱ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው የገዛ ራሱን እያሰበ ነው። በመምህሩ ፊት የሚያቀርበው ቀድሞ የተባለ ከሆነ ዋጋ የለውም። (ሥራውን ዘረፋ ማለታቸው ይገርማል፤ ከማንም የማይወሰድበት ዘረፋ ነውና።) ዛፉና ወፉ፣ ዝናሙና እርሻው ሰሙን ይሰጡታል፤ ወርቁን ግን ራሱ ይፈልጋል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በምዕራፍ 6፣ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አዝዞ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ሁለቱ ቃላት የሚጋጩ ለሚመስለው ይህን ተማሪ ይመልከት።

ዛሬ የታተመ ቅኔ በዝቷል፤ በስልክም ይቀዳል። ተማሪው ተርቦ ሲመጣ ቁራሽ ማቅረብ የምእመናን ፋንታ ነው። የሌላውን ቅኔ ይዞ ሲቀርብ ግን መምህሩ አዝኖለት ሊያልፈው አይገባም፤ ያ ልጅ ነገ በማኅሌት መካከል ተቀኝ ሲባል የሚለው ያጣልና።