ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ

ከሐረር ጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ኤረር በር ነው። በሐረሪ ቋንቋ አርጎብ በሪ ይባላል። ይህ በር ሁለት ዓይነት ሰው ያሳልፋል፤ ወደ ውስጥ ገበያተኛውን፣ ወደ ውጭ ደግሞ ጀናዛ የተሸከመውን። ከግንቡ ውጭ ያሉት መቃብሮች የማን አባት፣ የማን እናት እንዳረፉባቸው የከተማው ሰው ያውቃል።

ግንቡን በ16ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል። ግንቡ ጠላትን ከለከለ፤ ሞትን ግን አልከለከለም። ራሳቸው አሚሩ የሞቱት ከረሃብ ጋር በገባ ወረርሽኝ ነው። የሐረር ሕዝብ ግን ከድንጋዩ ሌላ ከሰው የተሠራ ግንብም አለው፤ ስሙም አፎቻ ነው።

አፎቻ የወንዶችና የሴቶች እየተባለ የተለየ የመረዳጃ ማኅበር ነው። ሠርግ ሲሆን ይደግሳል፤ ሞት ሲሆን ይቀብራል፤ ለቅሶ ቤት ይቀመጣል። በሌላው የአገራችን ክፍል እድር እንደሚባለው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው «ይህ እኮ ተራ መጠበቅ እንጂ ደግነት አይደለም፤ ዛሬ የሚመጣው ነገ እንዲመጡለት ነው» ይላል። አስተያየቱ ትክክል አይመስለንም። እርዳታ በተራና በግዴታ ሲሆን ድሃው እጁን ሳይዘረጋ፣ ፊቱም ሳይጠቁር መብቱን ያገኛል። ጎረቤቱን የሚወድም የሚቀየምም እኩል ይመጣለታል። የአንድ ሰው ፍቅር ቢደክም እንኳ ሥርዓቱ አይደክምም።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ብቻውን ይበቃልን? መልሱን ከአንድ የሐዘን ቤት እንማር።

ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ለአገራችን ባዕድ አይደሉም። በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ እምነታቸው የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። ከባለቤታቸው ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ጋር በሐበሻ ምድር ለዓመታት ኖረዋል፤ ልጆቻቸውንም እዚሁ ወልደዋል። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ጃዕፈር በሙእታ ጦርነት ወደቁ። እነዚያ በሐበሻ ምድር የተወለዱ ልጆችም የቲም ሆኑ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ጊዜ ምን አደረጉ? ከታሪኩ ሦስት ሥራዎችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ወደ ቤቱ በራሳቸው እግር ሄዱ፤ ልጆቹን ወደ ራሳቸው አስጠግተው አቀፉ፤ ዓይናቸውም አነባ። ማልቀስ የሶብር ተቃራኒ እንዳልሆነ በዚህ እንረዳለን። ሁለተኛ፣ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ምክንያቱም ቤቱ ከምግብ ሥራ የሚያዘናጋ ነገር ደርሶበታል። ሦስተኛ፣ ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጆቹን አስጠርተው ጸጉራቸውን አስላጩ። እናታቸው የልጆቹን የቲምነት ስታነሳ፣ የእነርሱ ኃላፊ እርሳቸው መሆናቸውን ነግረው ድህነትን እንዳትፈራላቸው አጽናኗት።

አንባቢ ሆይ! እነዚህን ሦስት ሥራዎች ከኛ ለቅሶ ቤት ጋር አስተያያቸው።

የመጀመሪያው በአብዛኛው አለ። ሕዝባችን ለቀብርና ለተዕዚያ አይቀርም። ሁለተኛው ግን በብዙ ቤት ተገልብጧል። ምግብ ሊመጣላት የሚገባት ሐዘንተኛ ለእንግዳ ቡና ታፈላለች፤ ስኳርና ዱቄት በዱቤ ታስመጣለች። ለማጽናናት የሄደው ሕዝብ ዕዳ ጥሎባት ይመለሳል። የሟች ንብረት የየቲሞች ሐቅ ያለበት መሆኑንም እንዘነጋለን። የሟች ዕዳ ሳይከፈል የሚበላ ድግስ ለማን ይጠቅማል?

ሦስተኛው ደግሞ ፈጽሞ ተረስቷል። ምንጣፉ ይጠቀለላል፤ ጀበናው ይታጠባል፤ ሰውም ወደ ሥራው ይሄዳል። ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ከሦስት ቀን የበለጠ የሚከብደው ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚጠፋበት፣ የቤት ኪራይ የሚደርስበት፣ መስከረም ጠብቶ ልጅ ደብተር የሚጠይቅበት ጊዜ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሰብሰብ በተገደበ ጊዜ ሁላችንም ይህን ቀምሰነዋል። ያለ ሰው ማዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ገብቶናል። ለአንዳንዷ እናት ግን ያ ዘመን ዛሬም አላለፈም።

ፍቅርም ቢሆን በቀብር አያበቃም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ካረፉ በኋላ በግ ሲያርዱ ለወዳጆቻቸው ሥጋ ይልኩ ነበር። ሟችን መውደድ ማለት እንዲህ ነው፤ የሚወዳቸውን ሰዎች ማሰብ፣ ዱዓ ማድረግ፣ ደጃቸውን አለመርሳት።

አንድ ነገር እንጨምር። አፎቻም ሆነ እድር አባሉን በመዝገብ ያውቃል። ኤረር በር ላይ አትክልት ዘርግታ የምትውለው፣ ከሩቅ መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድረው፣ ሃይማኖቱ የተለየው ጎረቤት ግን በመዝገቡ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ቁርኣን ቅርብ የሆነውንም ሩቅ የሆነውንም ጎረቤት በበጎ እንድንይዝ ያዛል። በኤረር በርና በፈላና በር ወገን ማታ ማታ ለጅብ ሥጋ በማጉረስ የታወቀች ከተማ፣ ከግንቡ ሥር ያለ ሰው ቢራብባት ነውሩ የሁላችን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ አፎቻና እድር ሐዘን በደረሰበት ቤት ሁሉ ዒዳው እስኪያልቅ የሚመላለስ ሰው ይሰይም። ምግቡ ከጎረቤት ቤት ተሠርቶ ይምጣ፤ ከሐዘንተኛዋ ጓዳ አይውጣ። የሟች ዕዳ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠየቅ። ከመዝገብ ውጭ ላለው ጎረቤት ከመዋጮው ጥቂት ይቀመጥ። እኛ በየግላችን ደግሞ የአንድ የቲም ስም እንያዝ፤ በአራተኛው ቀንም በሩን እናንኳኳ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሙታኖቻችንን ይማር፤ እኛንም በሐዘን ቀን ከሚመጡት ብቻ ሳይሆን ከሚመለሱትም ያድርገን። አሚን።