የልጁ ገጽ አማና ነው

 

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው ማስታወሻችን መነሻ በውስጥ መስመር የደረሰኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው አሜሪካ የሚኖር ሀበሻ ወንድማችን ነው። የ11 ዓመት ልጁ ኳስ ይጫወታል፤ ማሻአላህ ጎበዝ ነው። አሰልጣኙ ቪዲዮዎቹ ቢሰበሰቡ ወደፊት እንደሚጠቅሙት ነግሮት በልጁ ስም ኢንስታግራም ላይ ገጽ ከፈተለት። ጥያቄው አጭር ነበር፦ "ኡስታዝ፣ ይቻላል ወይ?"

እኔም ቸኩዬ መለስኩለት፦ "ሐራም ነገር እስካልገባበት ድረስ ችግር የለውም፤ ኒያህን አሳምር።"

ከሳምንታት በኋላ እንደገና ጻፈልኝ። ወደ ጨዋታ እየሄዱ ሳለ ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ "አባዬ፣ ዛሬ ስልክህን መኪና ውስጥ ትተኸው ብትመጣስ?" አለው። አባትየው "ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም" ይለኛል። እኔም የሰጠሁት መልስ ግማሽ እንደነበር ያኔ ገባኝ። የቀረውን ግማሽ ዛሬ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

"እኔ ገና ልጅ የለኝም፤ ይህ ለወላጆች ነው" ብለህ እንዳታልፈው። በብዙ ቤቶቻችን ገጹ የሚከፈተው በአባት ፈቃድ ነው፤ ቪዲዮውን የሚቆርጠው፣ ጽሑፉን የሚጽፈው፣ ኮሜንት የሚመልሰው ግን ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እህት ነው። አማናው በአንተ እጅ፣ በአንቺ እጅ ነው ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኞች እንደሆንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ስፖርቱ በራሱ ነውር የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። በኡሑድ ዘመቻ ጊዜም ራፊዕ ኢብኑ ኸዲጅ ዕድሜው ትንሽ ቢሆንም ጎበዝ ቀስት ወርዋሪ መሆኑ ሲነገራቸው ፈቀዱለት። እኩያው ሰሙራ ኢብኑ ጁንዱብ ደግሞ ራፊዕን በትግል እንደሚጥለው ተነገራቸው፤ ለእርሱም ፈቀዱለት። በሲራ ኪታቦች የምናነበው ነው። የልጅን ችሎታ አይቶ ቦታ መስጠት ሱና አለው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ የእነዚያ ልጆች ችሎታ የቀረበው ማየት በሚገባው ሰው ፊት ነበር።

ተሰጥኦ ያለው ልጅ እንዴት እንደሚጠበቅ ከነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ሱረቱ ዩሱፍን በዚህ ዓይን እናንብበው።

አንደኛ፦ ሁሉም ነገር ለሁሉም አይነገርም

ትንሹ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ያን ታላቅ ሕልም ለአባቱ ሲነግረው፣ ያዕቁብ ልጁ ታላቅ ነገር እንደሚጠብቀው ገባው። ደስታውን ግን ለሰፈሩ አላወጀም። የመጀመሪያ ምክሩ ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር ነበር። ለባዕድ ቀርቶ ለገዛ ወንድሞቹ!

እኛስ? ልጁ ጎል ሲያገባ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ስልኩ ነው የምናየው። ጨዋታው ሳያልቅ ቪዲዮው ወጥቷል።

ሰህል ኢብኑ ሑነይፍ (ረ.ዐ) ሲታጠብ ያየው ሰው በገላው ተደንቆ ተናገረ፤ ሰህል ወዲያው ታሞ ወደቀ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለምን በረካ እንዲያደርግለት ዱዓ አላደረግክም ብለው ተመልካቹን ገሠጹት። ኢማም ማሊክና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። ዐይን እውነት ነው፤ ስለዚህ የልጃችሁን ወይም የወንድማችሁን ብቃት ስታዩ የበረካ ዱዓውን አትርሱ። ነገር ግን ጉዳት በደረሰ ቁጥር "ዐይን ነው" እያልን ልጁን ያለ ዕረፍት ማሠልጠንም ልክ አይደለም። ጉልበቱ የታመመ ልጅ ሩቅያም ሐኪምም ዕረፍትም ያስፈልገዋል።

የሚያየው ሰው ዓላማም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወላጆች የሚያስተዳድሯቸውን ወደ 5,000 የሚጠጉ የታዳጊ ሴት ልጆች የኢንስታግራም ገጾች መርምሮ ነበር። ከተከታዮቹ መካከል ለልጆቹ መጥፎ ዓላማ ያላቸው ጎልማሳ ወንዶች ብዙ ሆነው ተገኙ። እናት የልጇን የጂምናስቲክ ወይም የዋና ቪዲዮ በንጹህ ልብ ትለጥፋለች፤ የሚያስቀምጠው ሰው ልብ ግን ሌላ ነው። ሐያእ የሚጠበቀው በጸሐፊው ኒያ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህን ማየት ያለበት ማን ነው? መልሱ "አሰልጣኙና መልማዩ" ከሆነ፣ ሊንኩ ለተላከለት ሰው ብቻ እንዲታይ አድርጎ መላክ ይቻላል። ዓለም ሁሉ ማየቱ ግዴታ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ተኩላው የሚመጣው ስንዘናጋ ነው

ወንድሞቹ ዩሱፍ አብሯቸው ወጥቶ እንዲጫወት ሲጠይቁ፣ ያዕቁብ የፈራው ተኩላውን ብቻ አልነበረም። እነርሱ ተዘናግተው ሳለ ተኩላ እንዳይበላው ነው የፈራው። መጨረሻ ላይ ግን ተኩላ አልነካውም፤ የጎዱት አደራ የተቀበሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱንም እንያቸው።

የውጩ ተኩላ የሚገባው በውስጥ መስመር ነው። "የአውሮፓ ክለብ ወኪል ነኝ፤ ልጁን ለሙከራ እንወስደዋለን፤ ለቪዛና ለምዝገባ ይህን ያህል ላኩ" የሚል መልእክት ለስንቱ ቤተሰብ ደርሷል! ይህን እወቁ፦ በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። ወኪልም ታዳጊን ለማነጋገር የአሳዳጊውን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያውም ልጁ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል መፈረም ከሚችልበት ዕድሜ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። ለ12 ዓመት ልጅ በቀጥታ የሚጽፍ "ወኪል" ደንቡን አያውቅም፣ አለዚያም አያከብርም። ስለዚህ የውስጥ መስመሩን የሚያነበው ወላጅ ይሁን። የትምህርት ቤቱ ስም፣ የልምምድ ሜዳውና ሰዓቱ አይጻፍ። የዛሬው ጨዋታ ቪዲዮ ከሜዳው ከወጣችሁ በኋላ ይለጠፍ።

የኢንስታግራምና የቲክቶክ ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው። ኢንስታግራም ከዚያ በታች ያለን ልጅ የሚወክል ገጽ በወላጅ ወይም በኃላፊ እንደሚተዳደር በባዮው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ገጹ እንዲያልፍ ብሎ የልጁን ዕድሜ ከፍ ማድረግ፣ ውድድር ላይ ደግሞ ዝቅ ማድረግ፣ ሁለቱም ውሸት ናቸው። ልጁ የሚማረው ከምንነግረው ይልቅ ሲሞላ ካየው ፎርም ነው።

ሦስተኛ፦ ድምፁ የማን ነው?

የውስጡ ተኩላ እኛ ነን። "ዛሬ ሁለት ጎል አገባሁ፤ ሕልሜን ማንም አያቆመውም" የሚል ጽሑፍ በልጁ ስም ይወጣል። ጸሐፊው አባት ነው፤ ልጁ ያን ሰዓት ተኝቷል። ሰዎች የሚያወሩት ከልጁ ጋር ይመስላቸዋል። ቀላሉ መፍትሔ እውነቱን መናገር ነው፦ "አባቱ ነኝ፤ ዛሬ እንዲህ ተጫወተ።" ይህ ጽሑፍ ልጁን ከጉራም ያድነዋል። አንድ ሰው ባልንጀራውን ፊት ለፊት ሲያወድስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወዳጁን አንገት እንደቆረጠ አድርገው ነግረውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የትልቅ ሰው አንገት ከተቆረጠ፣ በየቀኑ መቶ ሙገሳ የሚያነብ የ11 ዓመት ልጅ አንገትስ?

ደግሞም ቪዲዮው ውስጥ ሌላ ልጅ አለ። ወንድምህ በእግሩ መሀል ኳስ አሳልፎበት የወደቀው ያ ልጅም እናት አለው። በዝግታ ደግመን ደጋግመን እያሳየን የሚስቅ ምልክት ስናስቀምጥበት፣ ሱረቱል ሑጁራት ላይ የተከለከለውን ማላገጥ እየፈጸምን ነው። የሌላውን ልጅ ፊት ሸፍኑ፤ አለዚያ ወላጁን አስፈቅዱ።

አራተኛ፦ ዩሱፍ በጥቂት ዲርሃም ተሸጠ

ቁርኣን እንደሚነግረን ያ ሁሉ ውበትና ነቢይነት የሚጠብቀው ልጅ የተሸጠው በርካሽ፣ በሚቆጠሩ ዲርሃሞች ነበር። ዛሬም ልጅ በርካሽ ይሸጣል፦ በአንድ ታኬታ፣ በነጻ ማሊያ።

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግዛቶች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በራቸውን ከፍተዋል። ገንዘብ ሲገባ ደግሞ ጥያቄው ይከተላል፦ የማን ነው?

በሸሪዓ ሕፃን ልጅ ንብረት ይኖረዋል፤ አባት ያስተዳድርለታል። ልጅም ገንዘቡም ለአባት መሆናቸውን የሚያመለክተውን ሐዲስ ብዙዎች እንደ ፈቃድ ወረቀት ይጠቅሱታል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ግን አባት ሲቸገር በሚያስፈልገው መጠን መውሰድ እንደሚችል እንጂ የልጁ ሀብት የእርሱ ነው ማለት እንዳልሆነ አብራርተዋል። ሰፋ አድርገው የፈቀዱት ሐንበሊዮችም ልጁን እንዳይጎዳ፣ ከእርሱ ወስዶም ለሌላ ልጁ እንዳይሰጥ ሁኔታ አስቀምጠዋል።

የዓለም ሕግም ወደዚህ እየመጣ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ በኢንተርኔት የሚሠሩ ልጆች ገቢ እስኪያድጉ እንዲቀመጥላቸው፣ ልጁም ያለ ወላጅ ፈቃድ ምስሉ እንዲሰረዝ መጠየቅ እንዲችል ደነገገች። የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛትም ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በቤተሰብ ቪዲዮ ለሚታይ ልጅ ከገቢው ድርሻ እንዲቀመጥለት የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሙስሊም ወላጅ ይህን ለማድረግ ፖሊስ መጠበቅ የለበትም። በልጁ ስም የተለየ ሒሳብ ይከፈት፤ የገባውና የወጣው ይጻፍ።

አምስተኛ፦ አማና ባለቤት አለው

ሱረቱ ኒሳእ ስለ የቲም ንብረት ሥርዓት ታስተምረናለች፦ ልጆቹ ይፈተናሉ፤ ብስለት ሲታይባቸው ንብረታቸው ይሰጣቸዋል፤ በርክክቡም ላይ ምስክር ይኖራል። ይህ ለገጹም ይሠራል። በ11 ዓመቱ "ይህን ልለጥፍ?" ብለህ ጠይቀው። በ13 አብራችሁ ጻፉ። በ16 እርሱ ይጻፍ፣ አንተ እይ። በ18 የይለፍ ቃሉን አስረክበው። "ሁሉም ይጥፋ" ካለም ይጥፋ። ተከታዩ አንድ ሺህም ይሁን መቶ ሺህ፣ ፊቱ የእርሱ ነው።

አንተ ገጽህን አባትህ የሚይዝልህ ወጣት ስፖርተኛ ከሆንክ፣ አንቺም እንዲሁ፦ የማትወዱት ነገር ሲለጠፍ በር ዘግታችሁ አትኩረፉ፤ በአደብ ተናገሩ። ኢስማዒል (ዐ.ሰ) እንኳ ያን ከባድ ትእዛዝ ከአባቱ ሲሰማ አስተያየቱን ተጠይቋል። አባት ልጁን መጠየቁ የነቢያት መንገድ ነው። ልጅም በአክብሮት መመለሱ እንዲሁ።

ታላቅ ወንድም ወይም እህት የሆናችሁት ደግሞ ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ ስልካችሁን ይዛችሁ ከታናሻችሁ ጎን ተቀመጡ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አብራችሁ እዩ። ፊቱ የሚቀየርበትን ቪዲዮ ሳትከራከሩ አጥፉት።

ወደዚያ ወንድማችን ልመለስ። ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶ ወደ ሜዳው ገባ። ጎል ሲገባ ልጁ መጀመሪያ የፈለገው የአባቱን ፊት ነበር፤ አገኘውም። "በሁለት ዓመት ውስጥ ጨዋታውን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው" አለኝ። ገጹን አልዘጋውም። አሁን ግን የሚለጠፈውን የሚመርጠው ልጁ ነው፤ በወር አንድ ቪዲዮ ብትወጣ ነው።

ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጆቹ በአንድ በር እንዳይገቡ፣ በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መክሮ ሲያበቃ፣ ከአላህ ውሳኔ የሚያድናቸው እርሱ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል። እኛም ሰበቡን እናድርስ፤ ጠባቂው አላህ ነው።

አላህ ሆይ! ልጆቻችንንና ታናናሾቻችንን በአንተ ጥበቃ ሥር አድርግልን። ተሰጥኦአቸውን ለኸይር አውለው፤ አማናቸውን የምንጠብቅ እንጂ የምንሸጥ አታድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።