ከአርድቦ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር

ባለፈው ጥቅምት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ከአርድቦ ተነሥተን እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በእግራችን ተጉዘናል። ቁጥራችን 19 ሲሆን 7ቱ እኅቶች ናቸው። «ጉዞውን በጽሑፍ አቅርብ» ስለ ተባልሁ ያየሁትንም ሳላይ ያለፍሁትንም እጽፋለሁ።

አርድቦ ከሐይቅ ከፍ ባለ ስፍራ የተኛ ነው። ትርፍ ውኃው ወንዝ ሆኖ ወደ ሐይቅ ስለሚወርድ መንገድ መጠየቅ አያሻም፤ ወንዙን ይዞ መውረድ ነው። ጨፌው የክረምቱን ውኃ ገና አልለቀቀም ነበርና ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ያዝን። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ከቁልቁለቱ በታች አንዲት እናት እንስራቸውን አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ከላይ አታደፍርሱብን፤ እኛ ከታች እንቀዳለን» አሉን። አፍረን ከወንዙ ዳር ራቅ ብለን ሄድን። ሐይቅ በበኩሉ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ገደማ ይደርሳል ቢባልም፣ ከላይ የወረደው አፈር ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ገዳሙን ያቀኑት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ጊዜውም 13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። እርሳቸው በደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው እዚህ ብዙዎችን አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ ነበሩ። ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ስፍራው ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ያለ ታንኳ ይገባል።

ይሁን እንጂ የወንዶች ገዳም ነውና ሴት አትገባበትም። ይህን ሁላችንም አውቀን ነው የመጣነው። ነገር ግን በሩ ላይ ስንደርስ ማወቅና መቆም የተለያዩ ሆኑብን። ከወንድሞች አንዱ «እኛም አንግባ» አለ። አንዲት እኅት ግን፣ «እናንተ ብትቀሩ እኛ ምን እናገኛለን? ግቡና በደንብ አይታችሁ ንገሩን» አለችው። ሥርዓቱን አልተቃወመችም፤ ድካሟ በከንቱ እንዳይቀር ብቻ ነበር የፈለገችው።

ገባን፤ ተሳለምን፤ አባቶች የሰጡንን ጠበል ጠጣን። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመልሼ ወጣሁ። እርስዋም ጠየቀችኝ። የአብነት ተማሪዎቹ ስንት ናቸው? አሁን ምን ምን ይማራሉ? በበጋ የሚጠጡትን ውኃ ከየት ይቀዳሉ? አንዱንም አላውቅም ነበር። ዛፉንና ውኃውን ሳደንቅ ሰዎቹን አልጠየቅሁም። ኮሌጅ ውስጥ ስለ መስክ ጥናት ማስታወሻ የምይዝ ሰው ይህ ሲደርስብኝ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ።

ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ተመልሼ ገባሁ። አንድ ሸምገል ያሉ አባት የመጀመሪያውን መለሱልኝ። ሁለተኛውን ሳነብላቸው፣ «ይህን የጠየቀ ማነው?» አሉኝ።

«ከበሩ ውጭ የቆመች እኅታችን ናት፣ አባ።»

መቋሚያቸውን አንሥተው ከእኔ ጋር ወደ በሩ ወጡ፤ የቀረውን ሁሉ ለእርስዋው ራሳቸው መለሱላት። እኔ ከጎን ቆሜ ጻፍሁ።