ሕይወት ያለው አጥር

በጓሮው ጎመንና ድንች ተክሎ አጥር የሌለው ሰው ለፍየል ነው የሚደክመው። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ መጥረቢያ ይነሣል፤ ግራር ይቆረጣል፤ እሾሁ እየተጎተተ መጥቶ ጓሮው ይታጠራል።

ታዲያ ይህ አጥር ምን ያህል ይቆያል? ከሥር ምስጥ ይበላዋል። ከላይ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ማገዶ የጠፋ ዕለት ደግሞ ከራሱ ከአጥሩ እየተመዘዘ ምድጃ ይገባል። በዓመቱ እንደገና ቆረጣ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ 20 ሸክም እሾህ ቢያመጣ በ10 ዓመት 200 ሸክም ይሆናል። በመንደሩ 50 ቤተሰብ ቢኖር 10,000 ሸክም ማለት ነው። ይህ ሁሉ እንጨት ከየት ይመጣል? ከዳገቱ ነዋ! ዳገቱ ሲራቆት ደግሞ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል።

ሌላም ጉዳት አለ። አጥሩ ከተሰበረ ጓሮውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ጠባቂው ማነው? ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሴት ልጅ ናት። እሷ ፍየል ስታባርር ትምህርቱ ያመልጣታል። እንግዲህ የአጥር ነገር የጎመን ነገር ብቻ አይደለም።

መላው ሕይወት ያለው አጥር መትከል ነው። ደረቅ አጥር በየዓመቱ ያረጃል። ሕይወት ያለው አጥር ግን ከተንከባከቡት በየዓመቱ ይጠነክራል።

ምን እንትከል?

ስሚዛ፦ ሰንሰል የሚሉትም አሉ። ለወይና ደጋ ተስማሚ ነው። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ቶሎ ይጸድቃል። ከብት ብዙም አይበላውም። አበባውን ንብ ትቀስመዋለች።

ቅንጭብ፦ ለቆላና ለደረቅ አገር ይሆናል። ድርቅ ይችላል፤ ከብትም አይነካውም። ነገር ግን ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ስትቆርጡት ፊታችሁን አዙሩ፤ ልጆችንም አርቁ። ወተቱ ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ኮሺምና ቀጋ፦ እሾሃቸው አጥር፣ ፍሬያቸው ምግብ ነው። ከስሚዛ ይልቅ ቀስ ብለው ቢያድጉም ትዕግሥት ላለው ሰው ይክሳሉ።

ኮርች፦ ወፍራም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ይጸድቃል፤ ለአጥሩም ቋሚ ይሆናል። ሥሩ አፈሩን ያዳብራል።

እንዶድ፦ በሌላው ተክል ላይ እየተጠመጠመ ክፍተት ይሸፍናል። ፍሬው ልብስ ያጥባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አጠገብ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የእንዶድ ስም በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ ታወቀ። ሆኖም እንዶድ መርዝነት አለው፤ ልጆች ፍሬውን እንዳይቀምሱ ጠብቁ።

እንዴት እንትከል?

ከከተማ ሄጄ በገጠር ሳስተምር ከአንዲት እናት ጋር ስሚዛ ተክያለሁ። «እማማ፣ 40 ጨረስኩ!» ብዬ ኮራሁ። እሳቸው ዞረው ተመለከቱና ሳቁ።

«አይ ልጄ! ራሱን አፈር ቀብረህ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀልከው እኮ!» አሉኝ።

ለካስ ግማሹን ገልብጬ ነበር የተከልኩት። ያን ዕለት ፊደል አስተማሪው ተማሪ ሆነ። ያሳዩኝም ዘዴ ይህ ነው፦

1. ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ ትከሉ።

2. የአውራ ጣት ውፍረትና አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ጤናማ ቅርንጫፍ ምረጡ።

3. የታችኛውን ጫፍ በሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ያን ጊዜ ራሱና እግሩ አይምታታም።

4. ሢሶውን ያህል አፈር ውስጥ አስገብታችሁ ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉ።

5. በሁለት ረድፍ ትከሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ስንዝር ይሁን። የሁለተኛው ረድፍ ተክል ከፊተኛው ክፍተት ፊት ለፊት ይቁም።

ቅንጭብን ግን በተቆረጠበት ዕለት አትትከሉት። ወተቱ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ይቆይ። አለዚያ ሊበሰብስ ይችላል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት

ተክሎ መርሳት ነው! እስኪጠነክር ድረስ አጥሩ ራሱ አጥር ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አረሙን ንቀሉ። በበጋ ሥሩን በገለባ ሸፍኑ፤ እርጥበቱ ቶሎ አይደርቅም። የደረቀውን በሚቀጥለው ክረምት ተኩ።

ሁለተኛው ስሕተት ቶሎ ይርዘምልኝ ብሎ መቁረጥን መፍራት ነው። ያልተቆረጠ ተክል ወደ ላይ ይሮጣል፤ እግሩ ይራቆታል። ፍየል ደግሞ የምትገባው በላይ አይደለም፣ በሥር ነው። ስለዚህ ተክሉ ጉልበት ሲደርስ ጫፉን ቁረጡት፤ ከታች ቅርንጫፍ ያበቅላል። ትንሽ ከፍ ሲል እንደገና ቁረጡ። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ቅርጹስ? የጤፍ ክምርን አስቡ። ከሥር ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው። አጥርም እንዲሁ ሲሆን ፀሐይ እስከ ታች ትደርሳለች። ላዩ ከሰፋ ግን ሥሩን ያጠላበታል፤ የታችኛው ቅጠል ይረግፋል። የተቆረጠውም አይጣልም፤ እንጨቱ ለማገዶ፣ የስሚዛው ቅጠል ለኮምፖስት ይሆናል።

ከጎረቤት ጋር

ከመትከላችሁ በፊት ከጎረቤታችሁ ጋር ድንበሩን አብራችሁ እዩ፤ ሽማግሌም ይኑር። ተክል ስለሚሰፋ ከድንበሩ አንድ እርምጃ ወደ ራሳችሁ ገባ በሉ። ባሕር ዛፍ አትምረጡ፤ ሥሩ የጎረቤትን እርሻ ውኃ ይሻማል። ዛሬ ስንዝር መሬት ያስቀረ ሰው ነገ ፍርድ ቤት መመላለስ ይቀርለታል።

የእማማ አጥር በሁለተኛው ክረምት ደረት ደረሰ። ጓሮ ትጠብቅ የነበረችው የልጅ ልጃቸውም ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ መማር ጀመረች።

ጥያቄዎች

1. ደረቅ አጥር ቶሎ የሚፈርሰው በምን በምን ምክንያት ነው?
2. የቅርንጫፉ የታችኛው ጫፍ በሰያፍ የሚቆረጠው ለምንድን ነው?
3. አጥር ከሥር ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ መሆን ያለበት ለምንድን ነው?
4. በእናንተ ቤት በዓመት ስንት ሸክም እሾህ ይቆረጣል? የ10 ዓመቱን አስሉ።
5. በአካባቢያችሁ ለአጥር የሚሆኑ 3 ተክሎችን ስም ጻፉ።