ላትና ሊያ

ሻርጃ በመጣሁ ሰሞን ሥጋ ቤት ገብቼ ላት መግዛት ፈለግሁ። ዐረብኛው ገና አልገባኝም ነበርና የተሰቀለውን በግ ኋላ በጣቴ አሳየሁ። ቆራጩ «ሊያ!» አለኝ። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በመጽሐፍ ዐረብኛ «አልያ» ይባላል፤ በዕብራይስጥም «አልያ» ነው። የእኛ «ላት» በድምፅም በትርጉምም ከእነዚህ አይርቅም።

ላት ጭራ ማለት አይደለም። በጉ ለክፉ ቀን ጭራው ላይ ያጠራቀመው ስብ ነው፤ ግመል በሻኛው እንደሚያደርገው። ሄሮዶተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ታሪክ፣ የዐረብ እረኞች የበጎቻቸው ላት መሬት ላይ እየተጎተተ እንዳይቆስል ትንንሽ ጋሪ ይሠሩለት እንደነበር ይተርካል። ሌላው ስብ ሌላ ስም አለው። ሞራ ጨጓራን እንደ መረብ የሚሸፍነው ስስ ስብ ነው፤ የሞራ ገላጭ ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ጮማ የምንለው ደግሞ ስብ የበዛበትን ሥጋ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ የድሮ የወጥ ቤት ሙያ ለመናገር ነው፦ ቀይ ሥጋ ውስጥ ስብ መሰካት። እንግሊዞች «ላርዲንግ» ይሉታል፤ ቃሉ «ላርዱም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ እሱም የአሳማ ስብ ነው። ስቡ በቀጭኑ ይቆረጥና በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ በሥጋው ውስጥ ይሰካል። ከዚያው ቃል የወጣው «ኢንተርላርድ» ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው በባዕድ ቃል ስለተሰገሰገ ንግግር ነው። የዱባይ አማርኛችን በየመሐሉ «ያላ»፣ «ኻላስ» እንደሚል ማለት ነው።

የአሳማ ስብ ለእኛ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አይሆንም። ላት ግን ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። ዱባይ ወይም ዓጅማን ያለ የኢራቅ ጥብስ ቤት ገብቶ በብረት ተሰክቶ የሚጠበስ ጉበት ያዘዘ ሰው አይቶታል፤ በየጉበቱ መሐል አንድ ነጭ ቁራጭ ሊያ ይገባል። የከባቡ ሥጋም ከሊያ ጋር ነው የሚፈጨው።

እዚህ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የተሰካው ስብ ሥጋውን ውሃ አያጠጣውም፤ እሳት ያወጣውን እርጥበትም አይመልስለትም። ቀልጦ በሥጋው ጭረቶች መሐል ይገባና ስንበላ ምላስ ላይ ይለሰልሳል። እናቶቻችን «ወዝ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ላት ከሞራ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ለመሰካት እሱ ይሻላል። ሞራ ደግሞ ለመጠቅለል ይመቻል፤ ቆጵሮሶች «ሼፍታልያ» የሚሉትን የተፈጨ ሥጋ ጠቅልለው የሚጠብሱት በሞራ ነው።

ግዢው ላይ የበጉን ዘር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአውስትራሊያ የሚመጣው በግ አብዛኛው ጭራው ቀጭን ስለሆነ ላት የለውም። ከሶማሌ ምድር የሚመጣው፣ ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሆነው፣ ስቡን የሚያጠራቅመው ከመቀመጫው ላይ ነው። «ናኢሚ» የሚሉት ግን ሰፊ ላት አለው።

ላቱን ገዝተን ፍሪዘር ውስጥ ትንሽ ማቆየት ነው፤ ለስላሳ እንደሆነ ከቢላ ያመልጣል። ጠንከር ሲል በቀጭኑ እንተልትለውና ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ እናስነካዋለን። ሙዳውን በጭረቱ አቅጣጫ በስል ቢላ ወጋ እያደረግን በየቀዳዳው እንሰካለን። ጭረቱን አቋርጠን ከወጋነው ሥጋው ሲቆረጥ ስቡ ተንሸራትቶ ይወጣል።

ለጥብስ የተከተፈ ሥጋ ከሆነ መሰካቱ አያስፈልግም። ላቱን ፍሬ ፍሬ አድርጎ ቀድሞ በለስላሳ እሳት ማቅለጥ፣ ከዚያ እሳቱን ጨምሮ ሥጋውን መጨመር ነው። ከድስቱ ጥግ ወርቃማ ሆኖ የሚቀረው ቁራጭ በሚጥሚጣ ተነክሮ በትኩስ እንጀራ ይበላል፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ቶሎ መብላት ነው።